ርካሽ ኮምፒዩተር ከመግዛት አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው

ማንኛውም መሣሪያ ለሥራ ይፈጠራል እንጂ ሥራ ለመሣሪያ አይፈጠርም። ገበሬ ሞፈሩን የሚቈርጠው የሚያርሰውን መሬትና የሚጠምደውን በሬ ዐውቆ ነው፤ ቁም ጸሐፊም ብርዑን የሚቀርጸው የሚጽፈውን ፊደል ውፍረትና ቅጥነት በልቡ ከመጠነ በኋላ ነው። ይህ ሥርዐት ለጥንት ሰዎች ግልጽ ነበር፤ መሣሪያቸውን በእጃቸው ይሠሩት ነበርና። ዛሬ ግን መሣሪያው በሩቅ ሀገር ተሠርቶ፣ በካርቶን ታሽጎ፣ ዋጋው ተቈርጦ ስለሚመጣ፣ ብዙ ሰው ጥያቄውን ከመጨረሻው ይጀምራል። ይኸውም «ምን ይሠራበታል?» ከማለት ፈንታ «ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ይህ ነገር ይልቁንም ጎልቶ የሚታየው ርካሽ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ለመግዛት በሚታሰብበት ጊዜ ነው። በታላላቆቹ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒዩተር ከገባ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ነገር ግን በቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ በደብርና በገዳም አስተዳደር፣ በሰንበት ትምህርት ቤትም ጥያቄው ገና በየዓመቱ ይነሣል። ከትንሽ በጀት የተረፈ ወይም ከምእመናን አስተዋፅኦ የተጠራቀመ ገንዘብ ለጉባኤ ይቀርባል። አንዱ «ዘመኑ የኮምፒዩተር ነውና ይገዛ» ይላል፤ ሌላው «መዝገቡ እስከ ዛሬ በእጅ ሲጻፍ ምን ጐደለበት?» ብሎ ይመልሳል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ርካሹ ይበቃል» ብሎ ነገሩን በመካከል ሊቈርጠው ይፈልጋል። ሦስቱም በየበኩላቸው ጥቂት እውነት ይዘዋል፤ ዳሩ ግን ሳይመረምሩ ቢወስኑ የሚባክነው የራሳቸው ገንዘብ አይደለም። የሚባክነው የሕዝብ ግብርና የምእመናን ምጽዋት ነው፤ ከገንዘቡም ይልቅ የሚያሳዝነው በመዝገቡ ላይ የሚደርሰው ጥፋት ነው።

መዝገብ እንደ ቀላል ነገር የሚቈጠር አይደለም። የጥምቀት መዝገብ የሰውን የክርስትና ስምና ዕድሜ ይመሰክራል፤ የጋብቻ መዝገብ ለባልና ለሚስት፣ ከእነርሱም በኋላ ለልጆቻቸው መብት ይቆማል፤ የመሬት መዝገብ ጎረቤትን ከጎረቤት ያስታርቃል፤ ቃለ ጉባኤም የተናገሩት ካለፉ በኋላ ይናገራል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኵነት ምዝገባ ዐዋጅ ቍጥር 760 ልደትን፣ ጋብቻን፣ ፍቺንና ሞትን ማስመዝገብ ግዴታ ካደረገ ወዲህ፣ በትንሽ ጽሕፈት ቤት የተቀመጠ ጸሐፊ የሚይዘው ወረቀት የአንድን ዜጋ ዕድሜ ልክ ጉዳይ የሚወስን ሆኗል። እንግዲህ ይህን ሁሉ እንዲይዝ የሚገዛው ኮምፒዩተር የቢሮ ጌጥ ሳይሆን የሕዝብ ማኅደር ነው ማለት ነው። ማኅደር ደግሞ የሚመረጠው በርካሽነቱ ብቻ አይደለም፤ የተቀመጠበትን ነገር መጠበቅ በመቻሉም ነው።

በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 14 እንደ ተነገረው፣ ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ይቈጥራል፤ ያለዚያ መሠረቱን ጥሎ መፈጸም ሲያቅተው ላየው ሁሉ መሣለቂያ ይሆናል። በጨርቅ ተሸፍኖ አቧራ የሚጠጣ ኮምፒዩተር የዚህ ዘመን ያልተፈጸመ ግንብ ነው። ከዚህ ለመዳን የሚመረመሩትን ነገሮች በየተራቸው ማየት ይጠቅማል።

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሥራው ምንድር ነው፣ ሠራተኛውስ ማን ነው የሚለው ነው። በወር ሦስት ወይም አራት ደብዳቤ ብቻ የሚጻፍበት፣ የቀረውም ሥራ መልእክት መቀበልና ማንበብ የሆነ ቤት ኮምፒዩተር አያስፈልገውም። መልእክቱ አለቃው በእጁ በያዘው ስልክ ይደርሳል፤ ደብዳቤውም በየከተማው ካሉት የኮምፒዩተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች በጥቂት ብር ተጽፎ ይታተማል። ምስጢር የሆነ ጉዳይ ሲኖር ግን ወደ ገበያ የሚወጣ ጽሕፈት ተገቢ አይደለምና ይህ ልዩ ሆኖ ይታሰባል። ከዚህ የተለየውና ኮምፒዩተር በእውነት የሚያስፈልገው ቤት ብዙ ሺህ ስም ያለበት መዝገብ የያዘው፣ ባለ ጉዳይ በየቀኑ ማስረጃ ለመጠየቅ የሚመላለስበት፣ ጸሐፊውም አንድ ስም ለመፈለግ ግማሽ ቀን መዝገብ ሲያገላብጥ የሚውልበት ቤት ነው። በዚህ ቤት ኮምፒዩተሩ የሚገዛው ለዘመናዊነት ሳይሆን ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣ ባለ ጉዳይ «ነገ ተመለስ» እንዳይባል ነው።

ሠራተኛውም ከሥራው ጋራ አብሮ ይታሰባል። የመሣሪያውን አጠቃቀም የሚያውቅ አንድ ወጣት ብቻ ቢኖር፣ እርሱ በተዛወረ ወይም በታመመ ቀን መዝገቡ እንደ ተዘጋ ይቀራል። ስለዚህ ከግዢው አስቀድሞ ቢያንስ ሁለት ሰዎች መጻፍን፣ ማስቀመጥን፣ መፈለግንና ማተምን ተምረው መገኘት አለባቸው። ሰው ሳይዘጋጅ የተገዛ መሣሪያ ምን ያህል ከንቱ እንደሚሆን የዓለም ታሪክ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ «ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» የሚባል ሐሳብ ተነሥቶ፣ አንዱን በ100 ዶላር ለድሀ ሀገር ልጆች እናድላለን ተብሎ ነበር። በሥራ ሲታይ ዋጋው ወደ 200 ዶላር ቀረበ። ከሁሉ ይልቅ ብዙ የገዛችው የደቡብ አሜሪካ ሀገር ፔሩ ናት፤ በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ላፕቶፖችን ለተማሪዎች አደለች። እ.ኤ.አ. በ2012 የኢንተር አሜሪካ ልማት ባንክ ተመራማሪዎች በዚያች ሀገር ገጠር 319 ትምህርት ቤቶችን መርምረው ባወጡት ጽሑፍ፣ የልጆቹ የሒሳብና የቋንቋ ትምህርት በላፕቶፑ ምክንያት እንዳልተሻሻለ ገለጹ። መሣሪያው ርካሽ ነበር፤ ልጆቹም ወደዱት፤ ነገር ግን መምህሩና ትምህርቱ ከመሣሪያው ጋራ አልተሰናዱም ነበርና የታሰበው ፍሬ አልተገኘም።

ሁለተኛው ጥያቄ ሙሉ ዋጋው ስንት ነው የሚለው ነው። በሱቅ የሚነገረው ዋጋ ብዙውን ጊዜ በተለምዶ ሲፒዩ እየተባለ የሚጠራው የሣጥኑ ዋጋ ብቻ ነው። ከሣጥኑ ጋራ ስክሪን፣ ኪቦርድና ማውስ ያስፈልጋሉ፤ መብራት ሲጠፋ ጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ዩፒኤስ ያስፈልጋል፤ ማስረጃ ለመስጠት ፕሪንተር፣ ለፕሪንተሩም ዘወትር የሚያልቅ ቀለም ያስፈልጋል፤ የመዝገቡ ግልባጭ የሚቀመጥበት የውጭ ሃርድ ዲስክ ያስፈልጋል፤ የጥገና፣ የኢንተርኔትና የሥልጠና ወጪም አለ። እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ ከሣጥኑ ዋጋ የሚበልጡበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ያለውን ገንዘብ በሙሉ ለሣጥኑ የሚያውል ሰው በሬ ገዝቶ ቀንበር እንደሌለው ገበሬ ይሆናል።

ዋጋ በዘመን መከፈል እንዳለበትም ልብ ማድረግ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ያህል አንዱ ሣጥን በ20,000 ብር ተገዝቶ ሁለት ዓመት ብቻ ቢያገለግል በየዓመቱ 10,000 ብር ያስከፍላል፤ ሌላው በ32,000 ብር ተገዝቶ ስድስት ዓመት ቢያገለግል ግን በየዓመቱ የሚያስከፍለው ከ5,400 ብር ያነሰ ነው። እንዲህ ሲቈጠር በመጀመሪያ ርካሽ የመሰለው ውድ፣ ውድ የመሰለውም ርካሽ ሆኖ ይገኛል። ይህ ስሌት ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልጋል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ አስቀድሞ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ኮምፒዩተርም መለዋወጫውም ከውጭ የሚመጡ ናቸውና አንድ ጊዜ ተሳስቶ የገዛ ቤት ዳግመኛ ለመግዛት ዐቅም አያገኝም።

ሦስተኛው ጥያቄ የትኛው ይገዛ የሚለው ነው። ገንዘቡ ጥቂት ለሆነ ሰው በገበያ ሁለት መንገድ ይቀርብለታል፤ አንዱ ዐዲስ ሆኖ ዐቅሙ ያነሰ፣ ሁለተኛው ያገለገለ ሆኖ በጠንካራ አሠራር የተሠራ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ታላላቅ ድርጅቶች ኮምፒዩተሮቻቸውን በጥቂት ዓመት ውስጥ ይለውጣሉ፤ የለወጡትም ተጠርጎ ለሌላ ሀገር ይሸጣል። የዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ የኤችፒ ኤሊትዴስክ፣ የሌኖቮ ቲንክሴንተር ሣጥኖች በብዛት የሚገኙት በዚህ መንገድ ነው። እነዚህ ለመሥሪያ ቤት የተሠሩ ስለ ሆኑ ለመክፈት ቀላል፣ መለዋወጫቸውም በቶሎ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ያገለገለ መግዛት የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ የሚያሳፍረው ሳያዩ መግዛት ነው።

በዚህ ስፍራ ብዙዎች የሚወድቁበት አንድ ጕድጓድ አለ። ማይክሮሶፍት የተባለው ድርጅት ዊንዶውስ 10 ለሚባለው ፕሮግራሙ በነጻ ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የጥበቃ ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ማሻሻያ የማይደርሰው ኮምፒዩተር ሥራውን ወዲያው አያቆምም፤ ነገር ግን ቅጥሩ በፈረሰ ቍጥር የሚጠግንለት ዘበኛ እንደሌለው ግቢ ይሆናል። የሚቀጥለው ዊንዶውስ 11 ደግሞ በሁሉም ሣጥን ላይ አይጫንም፤ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማስቀመጫና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የምስጢር መጠበቂያ ይፈልጋል፤ በኢንቴል ኮር ከተሠሩት መካከልም ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን እንጂ ከዚያ የቀደሙትን በደንቡ አይቀበልም።

ትውልዱን ለማወቅ ዐዋቂ መሆን አያስፈልግም። በሣጥኑ ላይ ወይም በስክሪኑ ላይ የሚታየውን የፕሮሰሰር ቍጥር ማንበብ ይበቃል። ኮር አይ 5-6500 የሚለው ከሰረዙ በኋላ በ6 ስለሚጀምር ስድስተኛ ትውልድ ነው፤ አይ 5-8500 የሚለው ስምንተኛ ነው፤ አይ 5-10400 የሚለው ዐሥረኛ ነው። ነጋዴ «አይ 7 ነው» ብሎ ዋጋ ሲያስወድድ ገዢው ትውልዱን መጠየቅ አለበት፤ ከዐሥር ዓመት በፊት የተሠራ አይ 7 በቅርቡ ከተሠራ አይ 3 የሚያንስበት ጊዜ አለና። የስሙ ታላቅነት ዕድሜውን አይሸፍነውም።

ለጽሕፈትና ለመዝገብ ሥራ 8 ጊጋባይት ራም ይበቃል። ማስቀመጫው ግን የድሮው ዐይነት የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ሳይሆን ኤስኤስዲ የሚባለው ቢሆን ይሻላል። የድሮው ዲስክ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚዞር ሳሕን አለው፤ ስለዚህ ይዘገያል፤ ከተመታም ይጎዳል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ክፍል የለውም፤ በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ እንኳ ሲገባ ፍጥነቱን ከሌላው ለውጥ ሁሉ ይልቅ ያሻሽላል። ስለ ስፋቱም ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። በዩኒኮድ የተጻፈ አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው አቀማመጥ 3 ባይት ይይዛል፤ 1,500 ፊደል ያለው አንድ ገጽ 4,500 ባይት ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ በአንድ ጊጋባይት ውስጥ ከ220,000 የሚበልጥ ገጽ ጽሑፍ ይገባል። የብራና መጽሐፍን ገጽ በፎቶግራፍ ማስቀመጥ ግን ሌላ ነው። አንዱ ሥዕል 5 ሜጋባይት ቢሆን 256 ጊጋባይት የሚይዘው ወደ 51,000 ሥዕል ነው። ሥራው ጽሕፈት የሆነ ቤት ለስፋት ብሎ ገንዘብ አያባክን፤ ሥራው ሥዕል ማንሣት የሆነው ግን አስቀድሞ ይቍጠር።

ስለ ፕሮግራሙም አንድ ነገር መነገር አለበት። በገበያ ከሚሸጡት ሣጥኖች ብዙዎቹ ፈቃድ በሌለው የተሰረቀ ፕሮግራም ተሞልተው ይሰጣሉ። ይህ ከሕግ በኩል ጥፋት ነው፤ ከጥበቃም በኩል አደጋ ነው፤ ቍልፉ የተሰበረ ፕሮግራም ቫይረስ ይዞ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነውና። ስርቆትን በዐውደ ምሕረት የሚያወግዝ ደብር መዝገቡን በተሰረቀ ዕቃ ላይ ቢያኖር ከትምህርቱ ጋራ አይስማማም። ለፈቃድ የሚከፈል ገንዘብ ለሌለው ግን ሕጋዊ መንገድ አልተዘጋም። ሊኑክስ የሚባለው ሥርዐት፣ ለምሳሌ ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት፣ ያለ ክፍያ ይገኛል፤ ዊንዶውስ 11 ባልተቀበለው ሣጥን ላይም ይሠራል። ሊብረኦፊስ የተባለው የጽሕፈትና የሰንጠረዥ ፕሮግራምም እንዲሁ በነጻ የሚሰጥ ነው። ነገር ግን ከበላይ መሥሪያ ቤት የሚላከው ፕሮግራም በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ እንደ ሆነ ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አራተኛው ጥያቄ የኤሌክትሪክ ነገር ነው። የጠረጴዛ ኮምፒዩተር እንደ ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ የለውም፤ መብራት በጠፋበት ቅጽበት ይጠፋል፤ ያልተቀመጠውም ጽሑፍ አብሮ ይጠፋል። ኀይሉ ከፍና ዝቅ ሲልም የውስጥ ክፍሎቹ ይቃጠላሉ። ስለዚህ ዩፒኤስ ለጠረጴዛ ኮምፒዩተር ትርፍ ዕቃ ሳይሆን የአካሉ ክፍል ነው። የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ቢሆንም ጽሑፉን አስቀምጦ በሥርዐት ለመዝጋት ይበቃል፤ ባትሪው ግን በጥቂት ዓመት ስለሚደክም መለወጫው ከበጀት ውስጥ ይግባ። መብራት ቀኑን ሙሉ በሚጠፋበት ስፍራ ላለ ቤት ግን የጠረጴዛው ኮምፒዩተር አይስማማውም፤ ለዚህ ላፕቶፕ ይሻለዋል።

መብራት ባለበት ስፍራ የጠረጴዛው ኮምፒዩተር የሚመረጥበት ምክንያት ከርካሽነቱ ሌላም አለ። አንድ ክፍል ሲበላሽ እርሱ ብቻ ይለወጣል እንጂ ሁሉ አይጣልም። ከዚህም በላይ በቢሮ ይቀመጣል፤ በሰው ቦርሳ አይዞርም። የመሥሪያ ቤት መዝገብ በአንድ ሰው ላፕቶፕ ላይ ሆኖ ከቤት ወደ ቢሮ ሲመላለስ፣ ከጊዜ በኋላ የመሥሪያ ቤቱ መሆኑ ቀርቶ የሰውየው ይመስላል፤ ሹሙ ሲሻር መዝገቡ አብሮ ይሻራል።

አምስተኛው ጥያቄ የፊደል ነገር ነው። ቀድሞ ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን ፊደል ከጽሕፈት መኪና ጋራ ለማስማማት የደከሙት፣ ባዕድ መሣሪያ ለሀገር ፊደል ካልተስማማ ለሀገር ሥራ እንደማይውል ዐውቀው ነው። በኮምፒዩተርም ብዙ ዘመን ችግር ነበር። በቀድሞዎቹ የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ ጽሑፍ በስክሪን ላይ የግዕዝ መልክ ቢኖረውም በውስጡ የላቲን ፊደል ቍጥር ነበረ፤ ስለዚህ ያ ፕሮግራም በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የማይነበብ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የተባለው የዓለም የፊደል ሥርዐት በሦስተኛው እትሙ ግዕዝን ከነቍጥሩና ከነነጥቡ ተቀበለ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ እነ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት ያሉባቸው 10 የዜማ ምልክቶች ተጨመሩ። እንግዲህ ዛሬ ዐዲስ የሚጻፍ መዝገብ ሁሉ በዩኒኮድ ሊጻፍ ይገባል። ከ20 ዓመት በኋላ የሚመጣ ጸሐፊ በሌላ መሣሪያ ከፍቶ ሊያነበው የሚችለው ይህ ሲሆን ነው። ዩኒኮድ ለመጻፍ ደግሞ ውድ ኮምፒዩተር አያስፈልግም፤ ርካሹም ይጽፈዋል።

ስድስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ፣ ኮምፒዩተሩ ነገ ጠዋት ባይነሣ መዝገቡ የት ይገኛል የሚለው ነው። ርካሹም ውዱም አንድ ቀን መሞቱ አይቀርም። ስለዚህ መዝገቡ በአንድ ስፍራ ብቻ እንዳይቀር ሦስት ግልባጭ ይኑረው። አንዱ በኮምፒዩተሩ ውስጥ፣ ሁለተኛው በውጭ ዲስክ ላይ ሆኖ በሌላ ቤት በቍልፍ፣ ሦስተኛው ታትሞ፣ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት በመዝገብ ቤት ይቀመጥ። የመጻሕፍት ታሪክ የዚህን ጥበብ ጥቅም ያሳያል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ለማንሣት በተደረገው ሥራ ከ9,000 የሚበልጡ መጻሕፍት ተነሥተው፣ ፊልማቸው በአሜሪካ በሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። ብራናው በእሳት ወይም በስርቆት ቢጠፋ እንኳ ቃሉ በሌላ ስፍራ ይገኛል። በሁለት ስፍራ የተጻፈ ነገር በአንድ ጥፋት አይጠፋም።

ግልባጩ ሲበዛ ግን ጥበቃውም አብሮ ይበዛ ዘንድ ያስፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 1321 የሰው ስም፣ ዕድሜና አድራሻ እንደ ተገኘ የሚበተን ነገር እንዳልሆነ ይደነግጋል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ በይለፍ ቃል ይዘጋ፤ ከየሰው ኪስ የሚወጣ ፍላሽ ሁሉ አይሰካበት፤ አርጅቶ ሲሸጥም ዲስኩ ሳይጠፋ ከቤት አይውጣ።

እነዚህ ስድስት ጥያቄዎች ከተመለሱ በኋላ ወደ ገበያ ሲወጣ፣ ዕቃውን በዐይን አይቶ ብቻ ብር መቍጠር አይገባም። ኮምፒዩተሩ ይከፈት፤ የፕሮሰሰሩ ትውልድ፣ የራሙና የዲስኩ መጠን ከተነገረው ጋራ ይመሳከር፤ አንድ ሰዓት ያህል ሲሠራ ይቈይ፤ አማርኛ ይጻፍበት፤ ፕሪንተር ይሰካበት። ከኤሌክትሪኩም ተነቅሎ ጥቂት ቈይቶ እንደ ገና ይከፈት። በውስጡ ሰዓቱን የምትጠብቅ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ትንሽ ባትሪ አለች፤ እርስዋ ደክማ እንደ ሆነ ኮምፒዩተሩ ቀኑን ወደ ብዙ ዓመት ኋላ ይመልሰዋል። የዚህች ባትሪ ዋጋ ጥቂት ነው፤ ሳትለወጥ ብትቀር ግን ጸሐፊው ሳያውቅ በማስረጃ ላይ የሐሰት ቀን ሊያትም ይችላል። የዋስትናው ጊዜም በቃል ሳይሆን ከደረሰኙ ጋራ በጽሑፍ ይሰጥ።

«ይህን ያህል ከመጨነቅ ውዱንና ዐዲሱን መግዛት አይሻልም?» የሚል ሰው ቢኖር፣ ውድነት ብቻውን ከድካም አያድንም፤ ሥልጠና የሌለው ሠራተኛና ግልባጭ የሌለው መዝገብ በውዱም ላይ ይጠፋሉና ነው። በጽሕፈት ቤት የማይሠራበትን ኀይል መግዛትም ቤተ ልሔምን ለመሥራት የካቴድራል ድንጋይ እንደ መጥረብ ነው። «እንግዲያስ ጨርሶ አይገዛ፤ ብራናና ወረቀት ይበቃል» የሚል ቢኖርም፣ ወረቀት የታመነ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ወረቀቱን ለመፈለግ የሚጠፋው ቀን የጸሐፊው ብቻ ሳይሆን የባለ ጉዳዩም ዕድሜ ነው። መሣሪያውን በመፍራት መቅረትም እንደ መቸኰል ሁሉ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን በበር ላይ የቆመው ሰው ነው።

ስለዚህ ፍርዱ እንደ ቤቱ ሁኔታ ይለያያል። ሥራው ጥቂት የሆነ ቤት አይግዛ፤ ገንዘቡን ለሌላ በጎ ነገር ያውለው። ሥራው ብዙ ሆኖ የሠለጠነ ሰው ወይም ዩፒኤስና ግልባጭ መግዣ የሌለው ቤት ይቈይ፤ በመጀመሪያው ዓመት ሰው ያሠልጥን፣ መዝገቡን ያስተካክል፣ በሁለተኛው ይግዛ። ሥራውም፣ ሠራተኛውም፣ ሙሉ ዋጋውም የተሰናዳለት ቤት ግን አይፍራ፤ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ የተሠራ፣ ተፈትኖ የተገዛ፣ ያገለገለ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ለብዙ ዓመት ይበቃዋል።

ድስት ተጥዶ ከሚለቀስ ይልቅ አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ እንዲሻል እናቶች በጓዳ ያውቁታል፤ ይህ ጥበብ በጽሕፈት ቤትም እንዲሁ ይሠራል። የሕዝብን ገንዘብ የያዘ ሹምና የእግዚአብሔርን ቤት ንብረት የተረከበ አስተዳዳሪ የሚመሰገኑት ርካሽ ስለ ገዙ ወይም ውድ ስለ ገዙ አይደለም። ከዐሥር ዓመት በኋላ አንድ ወጣት የልደት ወይም የጥምቀት ማስረጃውን ሊጠይቅ ሲመጣ፣ ስሙ ሳይፈለግ ብዙ ሳይቈይ፣ ፊደሉ ሳይጠፋ፣ ቀኑም ሳይዛባ ተገኝቶ ሲሰጠው፣ ያን ጊዜ ግዢው መልካም እንደ ነበረ ይታወቃል።